ቤት ሻጭ በፊርማ ዋዜማ
በመጨረሻው ሰዓት «ዋጋ ይቀነስልኝ» ለሚል ገዢ የሚሰጥ መልስና አስቀድሞ የሚደረግ ዝግጅት

እቴጌ ምንትዋብ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ባሠሯት በደብረ ፀሐይ ቁስቋምና በሌሎቹም የጎንደር አድባራት መጻሕፍት ላይ፣ በቅዱሱ ቃል ኅዳግና ባዶ በቀረው ገጽ፣ ርስት የሸጠውና የገዛው ሰው ስም፣ በወቄት ወርቅ የተቈረጠው ዋጋና ነገሩን የሰሙት ምስክሮች ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ወንጌል በሚነበብበት ብራና ላይ የገበያ ዋጋ እስከ ማስፈር የተደረሰው፣ በአፍ ብቻ የተቈረጠ ዋጋ የአንዱ ወገን ጥቅም በተለወጠ ጊዜ አብሮ የሚለወጥ በመሆኑ ነው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ብሂልም ይህንኑ ያስተምራል።

ዛሬም በጎንደር ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከአዲስ ዓለም እስከ አዘዞ፣ በደጋውም ከዳባት እስከ ደባርቅ ቤቱን የሚሸጥ ሰው የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነው። ገዢው ቤቱን አይቶ፣ ዋጋውን ተከራክሮ፣ እጅ ከተመታ በኋላ ሻጩ ሌሎቹን ጠያቂዎች ያሰናብታል፤ ዕቃውን ይጠቀልላል፤ ምናልባትም በተራው ለሚገዛው ቤት ቀብድ ያስይዛል። ከዚህ በኋላ፣ ፊርማው ሊፈጸም አንድ ቀን ወይም አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ገዢው «ይህን ያህል ካልተቀነሰልኝ አልፈርምም» ብሎ ይነሣል። ሻጩም ወደ ኋላ ለመመለስ የማይችል መስሎ ስለሚታየው፣ የዕድሜ ልክ ድካሙን ከፍሎ ይሰጣል።

ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ሻጭ የተሰናዳ ነው። ፍሬ ነገሩም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ የቤት ዋጋ የሚጠበቀው በመጨረሻው ሰዓት በሚደረግ ክርክር ሳይሆን፣ ክርክሩ ከመነሣቱ ብዙ ቀደም ብሎ በተጣራ ሰነድ፣ በጸና ውልና በተረጋጋ ኅሊና ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ጥያቄው ሳይመጣ የሚፈጸሙ፣ የቀሩት አራቱ ከመጣ በኋላ የሚፈጸሙ ናቸው።

፩. ሰነድዎን አስቀድመው ያጥሩ

የመጨረሻው ሰዓት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚንጠለጠለው ሻጩ ሳያስተካክለው በተወው ጉድለት ላይ ነውና፣ ቤቱን ለደላላ ከመንገርዎ በፊት ወደ ከተማው የመሬት ጉዳይ ቢሮ ሄደው፣ በካርታው የተጻፈው ስፋት በመሬት ላይ ካለው ጋራ መስማማቱን፣ ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነጻ መሆኑን፣ የቦታ ኪራይም ሆነ የሊዝ ክፍያ ውዝፍ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ቤቱ የባልና የሚስት እንደ ሆነ የሁለቱም፣ በውርስ የተገኘ እንደ ሆነም የወራሾቹ ሁሉ ፈቃድና ፊርማ ያስፈልጋል፤ በቀጠሮው ቀን አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ብትጎድል ለገዢው ዋጋ መቀነሻ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ይዞታዎ ነባር ከሆነ ደግሞ፣ የከተማ ቦታ ሊዝ ዐዋጅ ቁጥር 721/2004 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓልና፣ ይህ የሚያስከትለውን ክፍያ ከቢሮው ጠይቀው ለገዢው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። ቤትዎ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ አካባቢ የሚገኝ ከሆነም፣ በቦታው ላይ ምን ያህል ፎቅ መሥራት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ ፎቅ ለመሥራት አስቦ የመጣ ገዢ ክልከላውን በፊርማ ዋዜማ ቢሰማ ቅሬታው ከንቱ አይደለምና። በከተማ ዳር በገበሬ ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ ግን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ፣ እንዲህ ያለውን ይዞታ በስውር ውል መሸጥ ራስን ለገዢው ፈቃድ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ገዢው ባሰኘው ጊዜ ዋጋ ቢቀንስ ሻጩ አቤት የሚልበት ፍርድ ቤት የለውምና።

የቤቱንም ጉድለት አይሸሽጉ። የደጋው ክረምት ብርቱ ነው፤ በወገራና በደባርቅ ያለ የጭቃ ቤት ግድግዳው እርጥበት ይስባል፤ ጣራውም በሐምሌና በነሐሴ ያፈሳል። ይህን ራስዎ ያሳዩት ገዢ ጉድለቱን በዋጋው ውስጥ አስቦ ይስማማል፤ ያላሳዩት ገዢ ግን በኋላ ራሱ ሲያገኘው፣ የእርስዎን ዝምታ እንደ ተንኰል ቈጥሮ ከጉድለቱ እጥፍ የሆነ ቅናሽ ይጠይቅበታል።

፪. የመጨረሻውን ዋጋ በሰላም ጊዜ ይወስኑ

ሰው በተጨነቀ ጊዜ የሚወስነው ውሳኔ የጭንቀቱ እንጂ የራሱ አይደለም። ስለዚህ ገና ገዢ ሳይመጣ፣ ከትዳር ጓደኛዎና ከሚያምኑት አንድ ዐዋቂ ጋራ ተቀምጠው፣ የመጀመሪያ የሚጠሩትን ዋጋ፣ የሚደሰቱበትን ዋጋና ከዚያ በታች በምንም ምክንያት የማይወርዱበትን ዋጋ በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ። ይህን ሦስተኛውን ዋጋ ለደላላ አይንገሩ፤ የደላላው ሲሳይ የሚገኘው ሽያጩ ከመፈጸሙ እንጂ ዋጋው ከመጠበቁ አይደለምና። ሌላው የሚጠበቅ ምስጢር የችኰላዎ ምክንያት ነው፤ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መሄድዎን፣ የሠርግ ቀን መቍረጥዎን፣ ወይም ለሌላ ቤት ቀብድ ማስያዝዎን ገዢው ካወቀ፣ የመጨረሻውን ሰዓት የሚመርጠው በዚያው ልክ ነው። ከሁሉ የሚበጀው ግን የራስዎን ቤት ገንዘብ እጅዎ ሳያስገቡ ለሌላ ቤት ቀብድ አለማስያዝ ነው።

ሻጩ በውጭ አገር የሚኖር ሆኖ በጎንደር ያለ ዘመዱ የሚሸጥለት እንደ ሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በዚህ ውክልና ውስጥ ዝቅተኛው ዋጋ ቢጻፍ፣ ወኪሉ ዘመድ በገዢና በደላላ መካከል ተይዞ ሲጨነቅ «ከዚህ በታች ለመፈረም ሥልጣን የለኝም» ብሎ በእውነት ሊመልስ ይችላል።

፫. ቀብዱንና ውሉን ሕግ በሚያዘው ፎርም ያጽኑ

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የጠራ ሥርዐት ሠርቷል። በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት የውል መደረግ ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ወገንም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። እንግዲህ ቀብዱ እጅግ ጥቂት ከሆነ ገዢው በመጨረሻው ሰዓት የሚፈራው ነገር የለም፤ እጅግ የበዛ ከሆነም እርስዎ ራስዎ እክል ቢገጥምዎ እጥፉን የመክፈል ዕዳ ይወድቅብዎታል። ሁለቱም ወገን ቢያጣው የሚያዝንበት መጠን ይመረጥ።

ነገር ግን ብዙ ሻጮች የማይገነዘቡት አንድ ብርቱ ነገር አለ። የዚያው ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በዚህ ፎርም ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል የማይጸና መሆኑን አስታውቋል። ውል ፈራሽ ሲሆን ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ስለሚደረግ፣ በደላላ ቤት በሁለት ምስክር ብቻ በተጻፈ ወረቀት ላይ ቀብድ ተቀብሎ «ቢያፈርስም ቀብዱ ይቀርልኛል» ብሎ መተማመን በአሸዋ ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው። ስለዚህ በቀብዱና በመጨረሻው ክፍያ መካከል ረጅም ጊዜ የሚያልፍ ከሆነ፣ ውሉን በቀብዱ ቀን በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ያድርጉት።

በውሉ ውስጥም የሚከተሉት ቃላት ሳይጎድሉ ይግቡ፤ ጠቅላላው ዋጋ በአኃዝና በፊደል፣ ቀሪው ገንዘብ የሚከፈልበት ቀን፣ ግብርን፣ የቴምብር ቀረጥንና የስም ማዛወሪያን ማን እንደሚከፍል፣ ገዢው ቤቱንና ሰነዱን መርምሮ የተቀበለ መሆኑ፣ ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው የሚከፍለው ገደብ። በተለይ ስለ ወጪዎቹ በዝምታ አይለፉ፤ የቴምብር ቀረጥ ዐዋጅ ቁጥር 110/1990 ለባለሀብትነት ስም ማስመዝገቢያ ከዋጋው 2 በመቶ የወሰነ ሲሆን፣ በሚሊዮን በሚቈጠር ዋጋ ላይ ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለምና «እርስዎ የሚከፍሉት መስሎኝ ነበር» ለሚል የመጨረሻ ሰዓት ክርክር ሰፊ ሜዳ ይሆናል።

፬. እውነተኛውን ዋጋ ይጻፉ

ቀረጥ ለማሳነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ማስጻፍ በየከተማው የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ይህ ድርጊት መንግሥትን ማታለል ከመሆኑም በላይ ሻጩን ለገዢው ምሕረት ይሰጠዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 እንደ ተደነገገው፣ ጽሑፍ በፈረሙት ሰዎች መካከል ለያዘው ቃል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው። አራት ሚሊዮን ብር ተስማምተው ሁለት ሚሊዮን ያስጻፉ ሻጭ፣ ገዢው በክፍያው ቀን «የምከፍለው የተጻፈውን ነው» ቢላቸው፣ ለቀረው ሁለት ሚሊዮን ምስክር አቀርባለሁ ማለት አይበጃቸውም፤ ደግሞስ ሐሰቱን በራሳቸው እጅ ፈርመው ስለ እውነት በምን አንደበት ይከራከራሉ? ገዢው ዋጋ አሳንሰን እናስጽፍ ብሎ አጥብቆ ከለመነ፣ ያን ልመና የጠባዩ ማስታወቂያ አድርገው ይመልከቱት።

፭. ጥያቄው በመጣ ጊዜ በዚያው ሰዓት አይመልሱ

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ ገዢው ዋጋ ይቀነስልኝ አለ እንበል። የዚህ ጥያቄ ኀይሉ ሁሉ በሰዓቱ ላይ ነው፤ ሰዓቱን ከወሰዱበት ኀይሉ ይደክማል። አይቈጡ፤ አይሳደቡ፤ በጽሕፈት ቤቱ ደጅ በተሰበሰበው ሰው ፊት ክርክር አይክፈቱ። የሚከተለውን ወይም የሚመስለውን ቃል በለሰለሰ አንደበት ይናገሩ፤

«ወንድሜ፣ የተስማማንበት ዋጋ በውሉ ላይ ሰፍሯል። አዲስ የተገኘ ምክንያት ካለዎ በጽሑፍ አድርገው ከነማስረጃው ይስጡኝ፤ እኔም ከቤተሰቤ ጋራ ተመካክሬ ነገ ከቀትር በፊት መልስ እሰጥዎታለሁ።»

ይህ ቃል እምቢታም እሺታም አይደለም። ቅን የሆነውን ገዢ አያስቀይምም፤ በችኰላዎ ሊጠቀም የፈለገውን ግን የሚጠቀምበትን ነገር ያሳጣዋል። ደላላው «ነገ ገዢው ይጠፋል» ቢልዎም፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለውን አስበው በሐሳብዎ ይጽኑ።

፮. ምክንያቱን በርትዕ ይመርምሩ

የመጨረሻ ሰዓት ጥያቄ ሁሉ ተንኰል አይደለም፤ አስተዋይ ሻጭ የእውነቱን ከሐሰቱ ይለያል።

ገዢው ቀድሞ ያልታየ የቤት ጉድለት አግኝቶ ከሆነ፣ ማለትም መሠረቱ ተሰንጥቆ ወይም የጣራው እንጨት በምስጥ ተበልቶ ቢገኝ፣ አንድ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ ሁለታችሁም ባላችሁበት አይቶ የማሠሪያውን ወጪ ይገምት፤ ቅናሹም ከዚያ ግምት አይለፍ። ጉድለቱ አስቀድሞ ለዐይን የታየ ከሆነ ግን በዋጋው ውስጥ የታሰበ ስለ ሆነ ሁለተኛ አይቈጠርም።

ያልታወቀ ዕዳ ተገኝቶ ከሆነ፣ ዕዳው የእርስዎ ነውና ያለ ክርክር ይክፈሉት፤ ወይም በደረሰኝ ልክ ከዋጋው ይቀነስ። የዋጋ ቅናሽ ብሎ ግን ከዕዳው የሚበልጥ ገንዘብ መስጠት አይገባም።

ባንክ ያሰብኩትን ያህል ብድር አልሰጠኝም የሚል ከሆነ፣ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ በወሰነ ጊዜ የተስፋ ብድራቸው የዘገየባቸው ገዢዎች ጥቂት አልነበሩም። ነገር ግን የገንዘብ ማነስ የቤቱን ዋጋ አያሳንሰውም፤ መድኀኒቱም ቅናሽ ሳይሆን የጊዜ ማራዘሚያ ነው። ለቀረው ገንዘብ በጽሑፍ የታሰረ አጭር ቀጠሮ ቢሰጡት፣ እስኪከፍልም ስሙ ባይዛወር፣ ሁለታችሁም ሳትጎዱ ነገሩ ይፈጸማል።

ገበያው ተለወጠ፣ የምንዛሪው ዋጋ ተለወጠ የሚል ከሆነ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ሻጩም ገዢውም እንዲህ ያለ ምክንያት ለማቅረብ ይችል እንደ ነበር ያስታውሱት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 ግን የውሉ አፈጻጸም ከታሰበው ይልቅ ከባድ በመሆኑ ብቻ ውል እንደማይለወጥ ይናገራል፤ በቁጥር 1731ም በሕግ የተደረገ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው።

ምክንያት ሳያቀርብ «እንዲያው ይቀነስልኝ» የሚል ከሆነ ግን፣ የሚጠይቀው በጭንቀትዎ ላይ የተቈረጠ ግብር ነውና መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ በትሕትና የተነገረ እምቢታ።

፯. ሒሳቡን በወረቀት ይሥሩ

ከመመለስዎ በፊት የእሺታንና የእምቢታን ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፉ። ለምሳሌ ቤቱ በ4,000,000 ብር ተቈርጦ፣ 400,000 ብር ቀብድ ተሰጥቶ፣ ገዢው በመጨረሻ 500,000 ብር ይቀነስልኝ አለ እንበል። እሺ ካሉ የሚያገኙት 3,500,000 ብር ነው። እምቢ ብለው ገዢው ውሉን ቢያፈርስ፣ ውሉ በሕግ ፎርም የጸና ከሆነ ቀብዱ ይቀርልዎታል፤ ከዚያም ቤቱን ከፊተኛው ባነሰ፣ በ3,600,000 ብር እንኳ ለሌላ ቢሸጡት በጠቅላላው 4,000,000 ብር አገኙ ማለት ነው። ከዚህ ላይ ሁለተኛው ገዢ እስኪገኝ የሚያልፈውን ጊዜና ወጪ ይቀንሱ። ያን ጊዜ በልብዎ የነበረው ፍርሀት ልኩ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ያው ሒሳብ ለገዢው ቢታየው፣ ውሉን በማፍረስ የሚያጣውን 400,000 ብር ያስታውሰዋልና፣ ሳይዝቱና ሳይቈጡ ወረቀቱን ያሳዩት።

ሒሳቡ እሺታን የሚመክር ከሆነም ማፈር አይገባም። ሁለተኛ ገዢ በቅርብ የማይገኝ፣ የባንክ ዕዳ የሚያስቸኩል፣ ወይም የታመመ የሚታከምበት ገንዘብ እንደ ሆነ ጥቂት መቀነስ ማስተዋል ነው። ነገር ግን ቅናሽ ያለ ምትክ አይሰጥ፤ በልዋጩ ሙሉው ገንዘብ በዚያው ቀን እንዲከፈል፣ የስም ማዛወሪያው ወጪ በሙሉ የገዢው እንዲሆን፣ ወይም ዕቃዎን ለማውጣት ተጨማሪ ሳምንታት እንዲኖርዎ ይጠይቁ። የመጨረሻው መሆኑም በጽሑፍ ተገልጾ ይፈረም፤ ያለ ምትክ የተሰጠ ቅናሽ ሁለተኛ ቅናሽ ይጠራልና። ችግርዎን ዐውቆ እጅግ ከተገባው በታች ያስፈረመዎ ገዢ ቢኖር ግን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1710 የሰውን ችግር፣ የዋህነት ወይም እርጅና መጠቀሚያ በማድረግ በተገኘ ፈቃድ የተደረገን ውል ፍትሕ በሚያስገድድበት ጊዜ ሊያፈርሰው ስለሚችል፣ ሳይዘገዩ ጠበቃ ያማክሩ።

፰. በሽማግሌ ይነጋገሩ፤ ገንዘብ ሳይገባም ቁልፍ አይስጡ

ነገሩ ካልተቋጨ ከፍርድ ቤት በፊት ሁለታችሁም የምታከብሯቸው ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጡ። በጎንደርና በአካባቢዋ ሽማግሌ የሚሰማ ነው፤ ብቻውን ሲሆን የሚደፍር ገዢ በአባቶች ፊት ምክንያቱን ተናገር ሲባል የሚያፍርበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ልማድ ሆኖበት ልዩነቱን ለሁለት ከፍሎ «እኩል ተጐዱ» እንዳይል፣ ውሉንና ሒሳቡን ይዘው ይቅረቡ፤ ያለ ምክንያት የተጠየቀ ገንዘብ ግማሹም ቢሆን ያለ ምክንያት ነው። የእርቁም ቃል ተጽፎ ይፈረም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሦስት ነገሮችን ከእጅዎ አያውጡ፤ ዋናውን ካርታ፣ የቤቱን ቁልፍና «ገንዘቡን ተቀብያለሁ» የሚለውን ፊርማ። ገዢ ገና ሳይከፍል «ዕቃዬን ላስገባ» ብሎ ቢለምን አይፍቀዱ፤ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ጊዜው የእርሱ ይሆናል። ክፍያው በስምዎ በተሠራ ሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን፤ ሲፒኦውን ካሠራው ባንክ ያረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ይፈርሙ፤ ከፊርማው በኋላ ቁልፉን፣ የመብራቱንና የውሃውን ደረሰኝ አስረክበው የርክክብ ወረቀት ይቀበሉ።

ይህ ሥርዐት የሚያስረው ገዢውን ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው የበለጠ ዋጋ ሲያቀርብልዎ የተስማሙበትን ገዢ በመጨረሻው ሰዓት «ጨምር» ብሎ ማስጨነቅ ያው በደል በሌላ በር ሲገባ ነው፤ እርስዎ ይህን ካደረጉ፣ ዋጋ ይቀነስልኝ የሚልዎን ሰው የሚገሥጹበት ቃል አይኖርዎትም። በቈረጡት ዋጋ የሚጸኑ ሻጭ ግን፣ ገዢው እንዲጸና የሚጠይቁት በሙሉ ልብና በቀና አንደበት ነው።